የክራሩ ወይስ የባንዱ? ጅማ ላይ ሙዚቃ ለሚገዛ ሰው

«አኩስቲክ» (ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ የተጫወቱት) የሚል ስም የተለጠፈበት ቅጂ ሁሉ ገንዘብ አይወጣበትም። ብዙዎቹ ከበሮውንና የኤሌክትሪክ ጊታሩን ቀንሰው ያንኑ ዘፈን ደግመው የሚሸጡ ናቸው። ሊገዛ የሚገባው ዘፈኑን ሌላ ዘፈን ያደረገው ቅጂ ነው።

የጊታር ተጫዋቹ የኤሪክ ክላፕተን «ሌይላ» ለዚህ ዋነኛው ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከዴሬክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ ባንድ ጋር የተቀረጸው ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ይጮኻል፣ ይለማመጣል፤ ኋላ ላይ ረጅም የፒያኖ ክፍል ይከተላል። በ1992 ዘፈኖች በአኩስቲክ መልክ በሚቀርቡበት በኤምቲቪ ቴሌቪዥን «አንፕላግድ» መድረክ ላይ ክላፕተን ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ያንን ረጅም የፒያኖ ክፍል ጨርሶ ተወው፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። በመጀመሪያው ቅጂ የሚለምን ወጣት አለ፤ በሁለተኛው ደግሞ የሆነውን ሁሉ አስታውሶ የሚተርክ ጎልማሳ። በቀጣዩ ዓመት የግራሚ ሽልማት ያስገኘለት ይኸው ዝግተኛው ነው። ለቤት የ1992ቱን፣ ለአዲስ አበባ መንገድ የ1970ውን ውሰዱ። እኔ ሁለቱንም እገዛለሁ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የኢግልስ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ምርጫው ይከብዳል። ባንዱ በ1994 ሲጫወተው በናይለን ክር ጊታርና በእጅ ከበሮ አዲስ መግቢያ ሠርቶለታል፤ ታዳሚው ዘፈኑን የሚለየው ዘግይቶ ነው፣ ጭብጨባውም ያኔ ይመጣል። ይህ መግቢያ ከቀድሞው ይበልጥብኛል። መጨረሻውን ግን የ1976ቱን የሚያህል የለም፤ የዶን ፌልደርና የጆ ዋልሽ ኤሌክትሪክ ጊታሮች እየተቀባበሉ የሚሄዱበትን ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ ማድረስ አይቻልም።

የሮክ ባንዱ የኒርቫና የ1993 አንፕላግድ ዝግጅት የዴቪድ ቦዊን የ1970 ዘፈን ለብዙ ወጣት አስተዋውቋል። እዚያ ላይ ያለው ጊታር ግን በኤሌክትሪክ ማጉያ ውስጥ ያለፈ ስለሆነ ንጹሕ የክር ድምፅ የሚፈልግ ገዢ ይህን ይወቅ።

ከመግዛታችሁ በፊት የምታዳምጡበትን ቦታ አስቡ። ጅማ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የክላፕተን ለስላሳ ጣቶች አይሰሙም፣ የባንዱ ቅጂ ግን ይቋቋመዋል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ብቻ የምትሰሙ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ስልክ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ ስለማያወጣ ባንዱ ይሳሳል፣ ድምፃዊውና ክሩ ግን ይተርፋሉ። በፍላሽ የምታስጭኑ ደግሞ በጣም የተጨመቀ ፋይል አትቀበሉ። የመድረክ ቅጂዎች በጭብጨባ የተሞሉ ናቸው፤ ጭብጨባ ደግሞ ሲጨመቅ ፈጥኖ ይበላሻል።

በእኛ አገር ሙዚቃ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትዝታ መጀመሪያ የክራር ነበር፣ ባንዱ ኋላ መጣ። ስለዚህ እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ባንዱ ክራሩን ተስተካክሎት እንደሆነ ነው። «ኢትዮፒክስ» በሚባሉት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበሞች ውስጥ 16ኛው ሙሉ በሙሉ የክራር ተጫዋቿና ድምፃዊቷ የአስናቀች ወርቁ ነው። ጣቷ ክሩን ሲነካና ድምፅዋ ከግጥሙ ጋር ሲተነፍስ ይሰማል፤ ምንም የሚሸሽጋት ነገር የለም። 10ኛው በትዝታ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ የማሕሙድ አሕመድ ረጅም የባንድ ትዝታ እዚያ ይገኛል፤ ባንዱ ሐዘኑን ያሰፋዋል እንጂ አይሸፍነውም። በእኔ ሚዛን ክራሩን የሚስተካከል ባንድ ይህ ነው።

4ኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ጅማ የተወለደው ሙላቱ ትዝታን ያለ ግጥም፣ በመሣሪያ ብቻ ይጫወተዋል። ሄርማታ ወይም ፈረንጅ አራዳ ውስጥ ቡና ቤት ያላችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ ቃል ስለሌለው የደንበኛን ጨዋታ አያቋርጥም። ለብቻው ማታ ለሚያዳምጥ ሰው ግን 16ኛውን እመርጥለታለሁ፤ አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ካለውም ያንኑ።