ስኪመሬ ከ11 ወር በኋላ፦ የውሃው ቁመትና የቤታችን አየር

ዛሬ ጠዋት የስኪመሩን፣ ማለትም የአኳሪየሜን ውሃ በአረፋ የሚያጠራውን ዕቃ፣ የቆሻሻ ኩባያ ደፋሁ። በ4 ቀን ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ሞልቷል። ቀለሙ እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ይሄ ሁሉ ባይወጣ ኖሮ ዓሣዎቼ በሚዋኙበት ውሃ ውስጥ ይበሰብስ ነበር። ኩባያውን በደፋሁ ቁጥር ይሄን አስባለሁ፤ ደስ ይለኛል።

የገዛሁት ባለፈው የመስቀል ሰሞን ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሳሎናችን ውስጥ 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለ። ካቢኔቱ ውስጥ ደግሞ ሳምፕ አለው፤ ውሃው ከላይ ወርዶ የሚጣራበት ሁለተኛ ታንክ ማለት ነው። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማ፣ አንድ ፐርፕል ታንግና ጥቂት ኮራሎች አሉን። ፐርፕል ታንግ በብዛት የሚገኘው ቀይ ባሕር ውስጥ ነው። ገላው ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ። አባቴ ምጽዋ ነው ያደገው። ሊጠይቀን ሲመጣ ወንበሩን አስጠግቶ እሱን ብቻ ነው የሚያየው።

ስኪመር ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው የምነግረው በቅቤ ነው። ቅቤ ሲነጠር ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱን ገፈን እንጥለዋለን። ስኪመርም ውሃውን እየገፈፈ ነው የሚያጠራው። ፓምፑ ላይ ያለው ባለመርፌ ኢምፔለር (የሚሽከረከረው ክንፍ) አየሩን ፈጭቶ እንደ ወተት ነጭ እስኪሆን ድረስ ከውሃው ጋር ይቀላቅለዋል። የዓሣ ኩስና የምግብ ትርፍራፊ ከሚለቋቸው ነገሮች ብዙዎቹ አንድ ጫፋቸው ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ከውሃ ይሸሻል። አረፋ ሲያገኙ የሚሸሸው ጫፍ ወደ አየሩ ይዞርና እዚያው ይጣበቃሉ። አረፋው በአንገቱ በኩል ይወጣል፣ እየጠነከረ ይሄዳል፣ መጨረሻ ኩባያው ውስጥ ይፈስሳል። በጨው አልባ ውሃ ይሄ በደንብ አይሆንም። አረፋዎቹ ቶሎ ተጋጥመው ትልልቅ ይሆኑና ይፈነዳሉ። ጨው ነው ጥቃቅን አድርጎ የሚያቆያቸው።

ተአምር ግን አትጠብቁ። የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኬን ፌልድማን በ2009 ስኪመሮችን ለክቶ ነበር። ያገኘው፣ ውሃው ውስጥ ካለው ጠቅላላ የኦርጋኒክ ካርቦን (ከዓሣ ኩስና ከምግብ የሚመጣው ቆሻሻ መለኪያ) የሚያወጡት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ብቻ እንደሆነ ነው። ይሄን ያነበብኩት ከመግዛቴ በፊት ነው፤ ጠቀመኝ። ስኪመር ስላለኝ ውሃ መቀየር አልተውኩም። በየሳምንቱ 10 በመቶ እቀይራለሁ።

የፋብሪካውን ስም አላነሳም። ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ብዙ አሉ፣ የምለውም ለሁሉም ይሠራል። የኔው ሳምፕ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ፍጥነቱ በመቆጣጠሪያ የሚስተካከል ዲሲ ፓምፕ ያለው ነው። 289 ዶላር ከፈልኩ። ካርቶኑ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ ዓሣ ለማይበዛበት ታንክ 200 ጋሎን፣ ለመካከለኛ 150፣ ለሚበዛበት 100። እኔ ያየሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ለማስታወቂያ ነው፤ እሱን አምናችሁ እንዳትገዙ። ከመጠን በላይ ትልቅ መግዛትም አይጠቅምም። አንገቱ ሰፊ፣ ቆሻሻው ጥቂት ከሆነ አረፋው ጫፍ ሳይደርስ ይሟሟል።

ከጋሎኑ በፊት ግን ካቢኔታችሁን ለኩ። ስኪመሩ መግባቱ ብቻውን አይበቃም። ኩባያው ወደ ላይ ተነስቶ የሚወጣበት ክፍተት ያስፈልጋል። ለኔ የተረፈው 6 ሳንቲሜትር ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ጋሎን ነው። በ11 ወር ውስጥ የስኪመሬን ሥራ የወሰኑት ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንዱ የቆመበት ውሃ ቁመት፣ ሌላው የሚተነፍሰው አየር።

ከቁመቱ ልጀምር። መመሪያው ከ18 እስከ 22 ሳንቲሜትር ውሃ ውስጥ ይቁም ይላል። እኔ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ሰፊ ስለሆነ ብቻ ውሃውን ወደ ላይኛው ታንክ የሚመልሰው ፓምፕ ያለበት የሳምፑ ክፍል ውስጥ ነበር። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ከታንኩ የሚተነው ውሃ የሚቀንሰው ከዚያ ክፍል ነው። ጠዋት ውሃ ጨምሬ ስሄድ አረፋው አንገቱ ጫፍ ላይ ይሆናል። ማታ ስመለስ ውሃው 3 ሳንቲሜትር ወርዷል፣ አረፋውም አብሮት ወርዷል። ኩባያው ባዶ። ዕቃው የተበላሸ መሰለኝ።

ወደ መካከለኛው ክፍል አዛወርኩት። እዚያ ግድግዳው ውሃውን ስለሚይዘው ቁመቱ ሁሌም አንድ ነው። ችግሩ 26 ሳንቲሜትር መሆኑ ነው፤ ጥልቀቱ በዛ። ስለዚህ መቆሚያ ሠራሁለት። የቢሮ ጣራ መብራት ላይ የሚገጠመውን ነጭ የፕላስቲክ መረብ ታውቁታላችሁ አይደል? ከሕንፃ ዕቃ መደብር አንድ ገዛሁ። በፒንሳ ቆራርጬ፣ ደራርቤ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩት። 6 ሳንቲሜትር ከፍ አለ፣ ውሃው 20 ላይ መጣ። የጠቅላላው ግዢ ጥሩ ሥራ ይሄ የፕላስቲክ መረብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላም ወዲያው አልሠራም። አዲስ ስኪመር ፋብሪካ ውስጥ የተረፈ ቅባት አለው። እሱ እስኪለቅ አረፋው አይቆምም። በአቼቶና በውሃ አጥቤው ነበር፤ ያም ሆኖ 12 ቀን ፈጀ። በነዚያ ቀናት የወጣው ነገር ቢኖር ወደ ላይኛው ታንክ የሚሄድ የአየር ብናኝ ብቻ ነው። ውሃው ጭጋግ የገባበት ይመስል ነበር። እኔም በየሰዓቱ የአረፋውን ከፍታ የሚያስተካክለውን ቫልቭ እነካካለሁ። ትንሽ ልክፈት፣ ትንሽ ልዝጋ። እንዲህ ሲደረግ ምን እንደሠራ ምን እንዳልሠራ አይታወቅም። መጨረሻ ላይ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ አንዴ ከነካሁ 24 ሰዓት አልነካም። በ12ኛው ቀን ጠዋት አንገቱ ውስጥ ቡናማ ቀለበት አየሁ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

አሁን የሚያሠራኝ ቦታ፣ አረፋው ከኩባያው ጫፍ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ሲቆም ነው። ከዚያ ከፍ ካለ እንደ ሻይ የቀጠነ ውሃ ይሞላል። ዝቅ ካለ ወፍራም ጥቁር ነገር በጥቂቱ ያወጣል። ብዙ ካበላሁ ለሁለት ቀን ቀጠን አደርገዋለሁ።

ኅዳር ላይ ያገኘኝን ሳልነግራችሁ አልለፍ። የተገነጠለ ኮራል ድንጋይ ላይ ለማጣበቅ ባለሁለት ቀለም ኢፖክሲ ተጠቀምኩ። ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ሌሊት ውሃ ሲንጠባጠብ ሰምቼ ተነሳሁ። ኩባያው ሞልቶ፣ ካቢኔቱ ወለል ላይ ፈስሶ፣ ምንጣፉ ጠርዝ ደርሷል። ኢፖክሲ ውሃ ውስጥ ሲጠነክር ስኪመርን እንዲህ ያሳብደዋል። የክሎሪን ማጥፊያና አንዳንድ የዓሣ መድኃኒቶችም ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ኩባያውን አንሱት ወይም ፓምፑን አጥፉት። ቅባት ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ልጄ አንድ ቀን ቅቤ የነካው እጇን ከታንኩ ከተተች። አረፋው ወዲያው ወረደ፤ እስከ ማታ አልተመለሰም። ዓሣ ካበላሁ በኋላም እንዲሁ ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል። ያ ጤናማ ነው፣ ቫልቭ አትንኩ።

የአየሩን ነገር ያስተማረኝ የገና በዓል ነው። ክረምቱ በርትቶ መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። ከወትሮውም ጠዋት ጠዋት ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) 7.8 ነበር። የጨው ውሃ ታንክ 8.1 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ለኮራል ይመረጣል። የገና ዕለት ወደ 20 ሰው ቤታችን ነበር። ቡና ተቆላ፣ እጣን ተጨሰ፣ ሁለተኛ ጀበና ተጣደ። ማታ እንግዶቹን ሸኝቼ ስለካ 7.6። ክፉኛ ደነገጥኩ። የስኪመሩን ክዳን ስከፍት እጣን እጣን ሸተተኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስኪመሩ ቀኑን ሙሉ የሚስበው አየር ያው የሳሎናችን አየር ነው። 20 ሰው በተዘጋ ቤት ሲተነፍስ አየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል። ስኪመሩ ያን ወስዶ ከውሃው ጋር ይፈጨዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሲድ ይሆናል፣ ፒኤች ይወርዳል። ጭሱም በዚያው መንገድ ይገባል። ሽቶም፣ የመስታወት ማጽጃ የሚረጨውም።

በማግሥቱ ቱቦ ገዛሁ። ከአየር መሳቢያው ጀምሮ በግድግዳው ጥግ፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ ወደ በረንዳ አወጣሁት። 3 ሜትር ተኩል ይሆናል። ከስኪመሩ ጋር የመጣው ቱቦ ለዚህ ርቀት ጠባብ ነው፤ አየሩ ይታነቃል፣ አረፋውም ይቀንሳል። ሰፋ ያለ ውሰዱ። ጫፉ ላይ ነፍሳት እንዳይገቡ ስፖንጅ አደረግሁበት። በሁለት ቀን ውስጥ ፒኤቹ 8.1 ገባ። ከሰዓት በኋላ 8.2 ይደርሳል። 8 ዶላር ያልሞላ ቱቦ ነው ይሄን የሠራው። በጋ ላይ ግቢው ሣር ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ ቱቦውን ወደ ቤት እመልሳለሁ። ይሄን መርሳት ለዓሣዎቹ አደጋ ነው።

ጽዳቱ ብዙ አይደለም፣ ግን አይዘለልም። አንገቱን በየ3 እና 4 ቀኑ በወረቀት እወለውለዋለሁ። ውስጡን ቅባት ሲለብስ አረፋው መውጣት ያቅተዋል። 4ኛው ወር ላይ አረፋው በራሱ ሲደክም ምክንያቱ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ የተጋገረ ጨው ነበር። ሞቅ ያለ ንጹሕ ውሃ በቱቦው ስለቅበት ሟሟ። አሁን በወር አንዴ አደርገዋለሁ። ፓምፑን በየ3 ወሩ ፈትቼ፣ ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ። የመርፌዎቹን መሐል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ።

7ኛው ወር ላይ መቆጣጠሪያው ሞተ። ፓምፑ ደህና ነው፣ ያቺ ትንሿ ሳጥን ግን እምቢ አለች። ዋስትና ነበረኝ። ሻጩ ግን ለኢሜይሌ መልስ የሰጠው ከ6 ቀን በኋላ ነው፤ ዕቃው እስኪደርስ 3 ሳምንት ፈጀ። በጣም ተናድጃለሁ። ሕይወት ያለው ነገር ላይ የሚገጠም ዕቃ የሚሸጥ ሰው እንዲህ መዘግየት የለበትም። በዚያ መሐል ድሮ የነበረኝን፣ ታንክ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሽ ስኪመር መልሼ ሰቀልኩ፤ የአየር ድንጋይም ጨመርኩ። ስኪመር ውሃው ውስጥ ኦክሲጅንም ያስገባልና፣ ሲጠፋ የመጀመሪያ ሥጋቴ እሱ ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ መሆኑንና ሳበላ ለ10 ደቂቃ በአንድ ቁልፍ መቆሙን እወዳለሁ። ዛሬ ልግዛ ብል ግን መቆጣጠሪያ ሳጥን የሌለውን ተራውን ኤሲ ፓምፕ ነው የምመርጠው። የሚበላሽ ነገር ያንሳል።

ውጤቱስ? ስገዛ ናይትሬት (ከቆሻሻው መበስበስ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር) 40 ነበር። በ4 ወር 10 ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ እዚያው አካባቢ ነው። ስኪመር ናይትሬትን በቀጥታ አያወጣም፤ ወደ ናይትሬት የሚቀየረውን ነገር ቀድሞ ነው የሚያነሳው። የውሃ ቅየራውም ድርሻ አለው። መስታወቱን በየሁለት ቀኑ እፍቅ ነበር፣ አሁን በየ5 ቀኑ ነው። ታንካችሁ ከ20 ጋሎን በታች ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለጨው አውሉት። በየሳምንቱ ውሃ መቀየር ይበቃችኋል።

አባቴ ለእንቁጣጣሽ ይመጣል። ቅዳሜ ፓምፑን አቼቶ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። የቱቦው ጫፍ በረንዳ ላይ ስለሆነ ዘንድሮ ቡናው የሚቆላው በረንዳ ላይ ሳይሆን ወጥ ቤት፣ አየር ማውጫው ሥር ነው። ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፣ ተስማምተናል። የአባቴን ወንበር ከታንኩ ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ።