ኮምቦልቻ ያለኸው ሳይክል ሠሪ፣ እጅህ ይባረክ!

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን የምጽፈው ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላቃተኝ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ሳይክል የሚነዳ ልጅ ያላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ወፍራም ጎማ ያለው የዳገት ሳይክል አለው፤ ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ ለእሱ ትቶለት የሄደው ነው። ማርሹን ድንጋይ መትቶት ተሰባበረ። ቀጥሎ ደግሞ ከኋላ ጎማው መሃል ያለው፣ ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት፣ ሞዞ የሚሉት ዕቃ የውስጥ ዘንጉ ተሰበረ። "እማ፣ ማርሽ ይቅርብኝ፣ ባለ አንድ ማርሽ አድርጌ እሠራዋለሁ፣ አንቺ ሞዞ ብቻ ግዥልኝ" አለኝ። እኔ ስለ ሞዞ ምን አውቃለሁ? ገዛሁለት።

እዚህ ላይ አንጀቴ ያርራል። ቦታውን አልጠራም። ሰውየው "ይሄ ዘመናዊ ነው፣ ክብደት የለው፣ በእጅ ነው የሚፈታው፣ ቁልፍ አያስፈልግም" እያለ 4,200 ብር ተቀበለኝና ገጠመልን። በሦስተኛው ቀን ልጄ የሰፈራችንን የኮብልስቶን ዳገት ቆሞ ሲረግጥ ጎማው ከቦታው ተንሸራቶ ሰንሰለቱ ወለቀ። ጉልበቱ ተልጦ፣ እየደማ፣ ሳይክሉን እየጎተተ መጣ። መልሰን ስንወስደው ምን ቢለን ጥሩ ነው? "ልጁ መንዳት አይችልም።" እዚያው፣ ልጄ ፊት። ሌላ ቦታ ወሰድነው፤ ያኛው በመዶሻ ቀጥቅጦ "ጠብቋል" አለና 500 ብር ወሰደ፣ ሳምንት አልቆየም። ሦስተኛው ደግሞ ዞር ብሎም ሳያየው "ለቆራሌው ስጡት" አለን።

ከዚያ በኋላ ልጄ ስለ ሳይክሉ ማውራት ተወ። ጉልበቱ ድኗል፣ ግን ያቺ "አይችልም" የምትለው ቃል ውስጡ ቀርታለች። እናት ናችሁ፣ ይገባችኋል።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ በየቀኑ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት እወርዳለሁ እወጣለሁ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ "መናኸሪያው አካባቢ አንድ ልጅ አለ፣ እሱን አሳዪው" አለችኝ። ቅዳሜ ዕለት ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ አስጭነን ከልጄ ጋር ወረድን።

ሠሪው ወጣት ነው፣ ሠላሳ ቢሆነው ነው። ሳይክሉን ገልብጦ አየና እኔን ሳይሆን ልጄን ጠየቀው። "የት ነው የምትነዳው?" "ደሴ።" "ዳገቱን ቆመህ ነዋ የምትረግጠው?" "አዎ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እትየ፣ እስቲ የቸርኬውን ቀዳዳ ይቁጠሩልኝ።" በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። 36። "ሽቦዎቹንስ?" 32። የተሸጠልን ሞዞ ባለ 32 ስለሆነ አራት የቸርኬ ቀዳዳ ባዶውን ቁጭ ብሏል! ያንን ጎማ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። ቀጥሎ ሜትር አውጥቶ ለካ። የሳይክሉ የኋላ ክፍተት 135 ሚሊ ሜትር ነው፣ የተሸጠልን ሞዞ ግን የ130። በግድ ነው የተጨመቀው። ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ዳገት ላይ ማቅለያ ስለሌለው ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ነው፣ ስለዚህ በእጅ የሚቆለፍ ሳይሆን በዳዶ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ያስፈልጋል አለ። ሌላም ብዙ ተናገረ፤ ልጄ ገባው፣ እኔ አልገባኝም።

እኔ የገባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ልጄን ትከሻውን ያዘና "አብሽር፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እኔም ብነዳው እወድቅ ነበር" አለው። ልጄ አንገቱን ደፋ፤ ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኗል። ወላሂ እንባዬን የዋጥኩት በስንት መከራ ነው።

"የድሮው ሞዞ የት ሄደ?" ሲለን የተጣለ መስሎኝ ነበር። ለካ ልጄ በፌስታል ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስቀምጦታል። ሰኞ ይዤለት ሄድኩ። ፈታውና ጥቁር ግሪስ የለበሱ ትንንሽ የብረት ብዮች መዳፌ ላይ ዘረገፈልኝ፤ ዘጠኝ ከዚህ፣ ዘጠኝ ከዚያ። አንዳንዶቹ ምስጥ የበላቸው ይመስላሉ። "ብዮቹና ዘንጉ ይቀየራሉ፣ ሌላው ጤነኛ ነው፣ ባለ 36 ቀዳዳ ነው፣ ልኩ ነው" አለኝ። አዲስ ሞዞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አያለሁ፤ ቢሸጥልኝ እኮ ዓይኔን ሳላሽ እገዛው ነበር! "ይሄ እያለ ለምን ያወጣሉ?" አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ቁልፉን ለልጄ ሰጥቶ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ራሱን ልጁን አሠራው። የኋላውን ጥርስ ብዛት እንኳ ሲመርጥ፣ ጥርሱ ሲበዛ ዳገት ይቀላልና፣ "ለኮምቦልቻ ሜዳ 16 ይበቃ ነበር፣ ለደሴ ግን 20 ይሁንለት" አለ። እውነቱን ነው፤ ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ሰፈራችን ደግሞ የት አለ ሜዳ? ሒሳቡ ከነዕቃው 950 ብር። ስንወጣም ልጄን "ሐረጎን በዚህ እንዳትወርድ፣ የጭነት መኪና መንገድ ነው" ብሎ ቃል አስገባልኝ።

ሁለት ወር ሆነው፤ ያንን ዳገት በየቀኑ ይወጣዋል፣ አንዴም አልወለቀበትም። ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል ልጁ ሳይክሉን እየዞረ አሳየው፤ ወንድሜ ዝም ብሎ አየና "የኔ ሞዞ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

እባካችሁ ወደዚህ ልጅ ሂዱ። ስሙን ልጽፍ ስል "ይተውት እትየ" ስላለኝ ነው የተውኩት። መናኸሪያው አካባቢ ሳይክል ሠሪው የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል። ከሰዓት ወረፋ ስላለ ጠዋት ሂዱ። የተበላሸውንም ዕቃ እንዳትጥሉ፣ ይዛችሁት ሂዱ።