ቦዬ ወይስ ጅሬን? በሳይክል

ባሕርና ተራራ በአንድ ቀን ልይ ለሚል ሰው ጅማ አትሆነውም። ባሕሩ ሩቅ ነው። ውሃና ኮረብታ ከሆነ ግን አለልን። ታዲያ ከባጃጅ ጥሩምባ ርቆ ፔዳል ለመምታት የትኛው ይሻላል፦ ውሃው ቦዬ ወይስ ኮረብታው ጅሬን?

ቦዬ ሜዳ ነው። ረግረጉ ዳር ወፉ ብዙ ነው፤ ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬም ታያላችሁ፣ ከሩቁ ይሁን እንጂ። ልጅ ይዞ ለመሄድ ይመቻል። ችግሩ መንገዱ ነው። እዚያ ለመድረስ የአዲስ አበባውን አስፋልት ከሲኖትራክ ጋር መጋፋት አለ። ለዚህ መፍትሔው አንድ ነው፦ እሁድ ማለዳ መውጣት።

ጅሬን ሌላ ነገር ነው። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ዳገቱ ጉልበት ይበላል። ባለፈው ጥቅምት መሃል ላይ ወርጄ ሳይክሉን ስገፋ፣ ደጃፋቸው ላይ ቡና የሚያሰጡ እናት አይተውኝ፣ «ልጄ፣ አንተ ነህ የምትነዳው ወይስ እሱ?» አሉኝ። ምን እላለሁ? ሳቅሁ። ጫፍ ላይ የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር የእንጨት ቤተ መንግሥት አለ፤ ከዚያ ሆኖ ጅማን ቁልቁል ማየት የላቡን ዋጋ ይከፍላል። መኪናም እየሳሳ ይሄዳል።

እኔ ጅሬንን እመርጣለሁ። ግን ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬናችሁን አሳዩ። ቁልቁለቱ ላይ የፊተኛውን ብቻ አጥብቆ መያዝ በአፍጢም ይደፋል፤ ሁለቱንም ቀስ እያሉ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ቦዬንም ጅሬንንም ተዉት፤ ጭቃው ጎማና መከላከያው መሃል ገብቶ ሳይክሉን ያሸክማችኋል።