«ኬሚካል የለውም» አሉኝ፤ እውነትም ምንም የለውም

አሁን ገና «ናቹራል» የልብስ ሳሙና ብሎ ከሸጠልኝ ሱቅ መመለሴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ከበረደማ «ተዪው፣ ለእግዜር ስጪው» የሚል ዘመድ አይጠፋም፣ እኔም እተወዋለሁ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ነገ ሌላ ስም ለጥፎ ሌላ ሕንጻ ላይ ይከፈታል። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ምድር ቤት፣ ሊፍቱ አጠገብ። አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ባነር። «ኢኮ»፣ «ናቹራል»፣ «ኦርጋኒክ» እያሉ የተሰለፉ ጠርሙሶች። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት፤ ሳሙና ለመሸጥ ጋውን ምን እንደሚያደርግለት እንጃ። «እማዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ! ግዢ አይደለም፣ ማየት በነጻ ነው!» በነጻ አይደለም። እኔ 1,850 ብር ከፍዬ ነው ያየሁት።

ቅዳሜ ነበር። የሄድኩት የሹራብ ክር ፍለጋ ነው (እሱንም ሳልገዛ ተመለስኩ)። ልጁ ነጭ ጨርቅ ዘረጋልኝ። ከትንሽ ጠርሙስ ቡናማ ነገር ጠብ ጠብ አደረገበት። «ይሄ እንግዲህ የቡናም በይው፣ የወጥም በይው፣ አስቸጋሪ የተባለ እድፍ ነው እማዬ» አለኝ። ከዚያ የራሱን ፈሳሽ ፍስስ አደረገበት። እድፉ የለም! አልታሸ፣ አልተለቀለቀ። ዓይኔ እያየ ድርግም አለ። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ሴቶች «ውይ!» አሉ። እኔም «ውይ!» አልኩ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የጮኸው የኔ «ውይ» ነው።

«ምንድን ነው የተሠራው?» አልኩት።

«ከእንዶድ ነዋ! ንጹሕ የኢትዮጵያ ተፈጥሮ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበት።»

እዚህ ጋ ነው ያለቀልኝ። ምክንያቱም እኔ የእንዶድ ልጅ ነኝ። ጎጃም ነው ያደግሁት። እናቴ የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ ነጠላውንና ጋቢውን ወንዝ ወርዳ በሱ ነበር የምታጥበው። አረፋው እስከ ክርናችን ይደርሳል። እኔና ወንድሞቼ ከአረፋው ጺም እየሠራን ቄስ እንሆን ነበር። ቄሱ ሁልጊዜ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እኔ ዲያቆን ነኝ። ጋቢው ሲደርቅ ንጣቱ ዓይን ይወጋል።

አሁን ይሄን ልብ በሉልኝ። ልጁ ፈሳሹን በውሃ በጥብጦ ሲያሳየኝ አንዲት አረፋ የላትም። ጠየቅኩት። «እማዬ፣ አረፋ ማለት እኮ ኬሚካል ማለት ነው። ናቹራል ነገር አረፋ የለውም» አለኝ።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ራሴን ነቀነቅሁ! በእንዶድ አረፋ ጺም የሠራሁ ሴትዮ! እንዶድን እንዶድ የሚያደርገው እኮ አረፋው ነው። ሳፖኒን የሚባል ነገር አለበት፣ ስሙም ከሳሙና ጋር ዘመድ ነው። እሱ ነው አረፋ የሚያወጣው፣ እሱ ነው ወዙን የሚያስለቅቀው። በርግጥ አረፋ ስለበዛ ብቻ ልብስ አይጠራም፤ የማሽን ኦሞ ሆን ተብሎ አረፋው እንዲያንስ ነው የሚሠራው። ግን አረፋ የሌለው እንዶድ? ቅቤ የሌለው ንጥር ቅቤ እንደማለት ነው። ያንን ሁሉ እያወቅኩ፣ አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ የእናቴን ሙያ ሲያስተምረኝ «አሃ» እያልኩ ሰማሁ።

የዶክተር አክሊሉንም ታሪክ ቢሆን አውቀዋለሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1964 አድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። የተሸለሙት ለዚያ ነው፣ በ1989፣ ከባልደረባቸው ጋር። ልብስ ማንጣቱንማ እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል። ደግሞ አስቡት፣ ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ነገር ነው። «ተፈጥሮ ስለሆነ ምንም አይጎዳም» የሚባለው ከየት መጣ? ይሄ ሁሉ ግን ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እዚያ ቆሜ ትዝ ያለኝ የእናቴ ጋቢ ብቻ ነበር።

ፓኬጁ አንድ ሊትር ፈሳሽ ነው፣ ከላዩ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ኳስ። ውስጧ ትናንሽ ጠጠሮች አሉ፣ ስትነቀንቋት እንደ ሕፃን ልጅ መጫወቻ ትንኳኳለች። «ኳሷ ብቻዋን 1,000 ጊዜ ታጥባለች» ተባልኩ። በቴሌብር ከፈልኩ። ስልኩ ላይ የመጣው የድርጅት ስም ሳይሆን የሰው ስም ነው። ደረሰኝ ስል «ማሽኑ ዛሬ ተበላሽቶ ነው እማዬ፣ ሰኞ ብቅ በይ» አለኝ። ይቺን ማሽን እናውቃታለን፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው የምትበላሸው። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አትቆጡኝ።

እሁድ ማታ የሽሮ ሜዳ ነጠላዬን ዘፈዘፍኩ። የእህቴ ስጦታ ነው፣ ጥለቱ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ። ባለፈው ሳምንት መልስ ላይ ጫፉን ዶሮ ወጥ ነክቶታል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አልጫ ጠብ ብሎበታል። የዚህ እሁድ ክርስትና ስላለ ልለብሰው ነበር። ልጁ እንዳለኝ አደረግኩ። ሁለት ክዳን ፈሳሽ፣ ኳሷ ሳፋው ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ።

ጠዋት ተነስቼ ሳፋውን አየሁት። ውሃው እንደገባ ነው። ኩልል ያለ! ልብስ የታጠበበት ውሃ እንዲህ አይጠራም። ነጠላውን አነሳሁት። የዶሮ ወጡ ቅቤ ተስፋፍቶ የእጅ መዳፍ አክሏል። በርበሬው ዙሪያውን ቀይ ክፈፍ ሠርቶለታል። አልጫው ያው ቢጫ ነው። ሽታው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ የሚል የሎሚ ሽታ ነው። ሎሚ ሎሚ የሚል ዶሮ ወጥ።

ያኔ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። ሰኞም ማክሰኞም ሞከርኩ፣ መጠኑን እየጨመርኩ። «እኔ ይሆናል ያላወቅሁበት» እያልኩ። የተታለለ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው መሰለኝ።

ዛሬ ነጠላውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ዋናውን ነገር ልንገራችሁ።

ስደርስ ልጁ ሥራ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ፊቱ ቆማለች፣ ነጩ ጨርቅ ተዘርግቷል። አየኝ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አወቀኝ፤ ማወቁን ያወቅኩት ቶሎ ብሎ ዓይኑን ሲሰብር ነው። ቅዳሜ ዕለት «እማዬ» እያለ እጄን ይዞ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው እንኳ እንደዚያ አይታይም።

ገንዘብ ተቀባይዋ ማስቲካዋን እያኘከች፣ ስልኳን ሳትለቅ፣ «ምን ነበር?» አለችኝ። ነጠላውን አውጥቼ አሳየኋት። ሳታየው በአገጯ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» በትልቁ ተጽፏል።

«መመለስ አላልኩም። እሱ እንዳደረገው አድርጉልኝ። ይቺን አንዲት ጠብታ ብቻ አጥፉልኝ።»

ልጁ አሁን ዞረ። «ማዘር፣ አጠቃቀሙን አላወቁበትም» አለኝ።

ሰማችሁ? ሲሸጥልኝ «እማዬ» እና «አንቺ» ነበርኩ። አሁን «ማዘር» እና «እርስዎ» ሆንኩ። በአራት ቀን እንደዚህ የተከበረ ሰው የለም።

«አንተ አሳየኛ እንግዲህ» አልኩት።

«ማዘር፣ የርስዎ የቆየ እድፍ ነው። እኛ ፍሬሽ ነው የምናሳየው።»

ከዚያ ዞር ብሎ ለሴትየዋ ቡናማዋን ጠብታ ማንጠባጠብ ጀመረ። እኔ እዚያው ቆሜ! ጠርሙሷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፣ አነሳኋትና አሸተትኩ።

ልጅ ያሳደገ ሰው ይሄን ሽታ አይስተውም። ሁለት ወንድ ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ከብስክሌት ሲወድቁ፣ ኳስ ሲጫወቱ ጉልበታቸው ሲላጥ፣ ስንት ዓመት ነው የቀባሁት። ቤታዲን ነው። ወጥ አይደለም፣ ቡና አይደለም። ቁስል ላይ የሚቀባው ቤታዲን!

«ይሄ ቤታዲን ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከእጄ መነጨቃት። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «ማዘር፣ ፋርማሲ መሰለዎት እንዴ?» አለችና ወደ ልጁ ጠቀሰችው። እሱም ሳቀ። ነጠላዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ እድፉ ወደ ላይ። እጥፍ አድርጌ ፌስታል ውስጥ ስከት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልጅ ያዘለችው ሴት እኔን እንደ እብድ ካየችኝ በኋላ ቴሌብሯን ከፈተች። ስወጣ እየከፈለች ነበር።

እስከዚህ የጻፍኩትን አብሮን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ቆሞ አነበበው። ፋርማሲ ነው የሚማረው። ምንም ሳይል መሳቢያ ከፍቶ ቤታዲንና የቫይታሚን ሲ ክኒን ይዞ መጣ። ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ ፈጭቶ ቡና ስኒ ውስጥ በውሃ በጠበጠው። የወጥ ቤት ጨርቅ ላይ ቤታዲን ጠብ አደረገ። የቫይታሚኑን ውሃ አፈሰሰበት። እድፉ የለም! ያው የቅዳሜው ተአምር፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ በአንዲት ክኒን።

ነገሩ ይሄ ነው አለኝ። ቡናማው ቀለም አዮዲኑ ነው። ቫይታሚን ሲ ሲነካው አዮዲኑ ቀለም ወደሌለው ነገር ይለወጣል። ጨርቁ አልጸዳም፤ ያለው ነገር እዚያው አለ፣ አይታይም እንጂ። ቅቤና በርበሬ ደግሞ አዮዲን አይደሉም፣ ንቅንቅ አይሉም። ከገዛሁት ፈሳሽም ሞከርን። ቤታዲኑን ወዲያው አጠፋው። ከምሳ የተረፈች ሽሮ ጠብ አድርገን አፈሰስንበት። ሽሮዋ ቁጭ ብላ አየችን።

ኳሷንም ስልኩ ላይ ፈልጎ አነበበልኝ። አሜሪካኖቹ እንደነሱ በ1999 ጨርሰውታል፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው እንዲህ ዓይነት ኳስ የሚሸጥ ድርጅትን በሕግ ጠይቆት ነበር፣ ኳሷ ከባዶ ውሃ ያን ያህል አትሻልም ብሎ። እኔ በነሱ አቆጣጠር በ2000ዎቹ አጋማሽ የተወለደ ልጅ አታለለኝ ስል፣ ብልሃቷ ከልጁ ትበልጣለች ለካ።

አንድ ነገር ግን ልበል፣ በደንብ የተሠራውን እንዳልበድል። ስዊድን ያለችው እህቴ ሰኞ ደውላ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። እሷ የምታጥበው ባለ ስዋን ምልክት (የሰሜን አውሮፓ አገሮች «ለአካባቢ የሚስማማ» ምልክት) በሆነው ሳሙና ነው። በ30 ዲግሪ ውሃ የልጆቿን ልብስ አንጽቶ ያወጣል ትላለች። ቅባቱንና የምግቡን እድፍ የሚበሉ ኢንዛይሞች አሉበት፣ ምልክቱም ማጠቡ ሳይፈተን አይሰጥም። ስለዚህ ለአካባቢ የሚስማማ ሳሙና አያጥብም ማለቴ አይደለም። ያጥባል፣ ሳሙና ከሆነ። የኔ ሳሙና አይደለም፣ ጉዳዩ ይሄው ነው።

ነጠላው? ሳፋ ውስጥ ነው። ይሄን እየጻፍኩ በመሃል ተነስቼ በደረቁ ሳሙና አሸሁት። አልጫው ሳሙና ሲነካው ደም መሰለ፣ ክው ብዬ ቀረሁ። እርድ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ነው የተረጋጋሁት፤ ሳሙና ያቀላዋል፣ ፀሐይ ያጠፋዋል። ነገ አሰጣዋለሁ። የዶሮ ወጡን ቅቤ ግን አላውቅም፣ ሦስት ሌሊት ተዘፍዝፎ ሥር ሰዷል።

እናንተ እንግዲህ፣ ከገጠማችሁ የራሳችሁን ያደፈ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱና «በዚህ አሳየኝ» በሉት። ደረሰኝ ሳትይዙ አትክፈሉ። ያቺ የግድግዳ ጽሑፍም አታስፈራችሁ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ አስለውጡ ወይም ገንዘባችሁን አስመልሱ ይላል። እኔ ደረሰኝ የለኝም። ያለኝ የቴሌብር መልእክት ነው፣ እሱን ይዤ ነገ ወደ ንግድ ቢሮ።

ፈሳሹ ግማሽ ሊትር ያህል ቀርቷል። ቤታዲን የፈሰሰበት ልብስ ያለው ይምጣ፣ በነጻ እሰጣለሁ። ኳሷን የጎረቤት ሕፃን ወስዷታል።