ስክሪን ስታስቀይሩ የማብሪያ ቁልፉን ሳትሞክሩ እንዳትከፍሉ

የስልኬ ስክሪን ተሰነጠቀና ለማስቀየር ስልክ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። አዲሱ ስክሪን ምንም አይወጣለትም። የሞተው ሌላ ነገር ነው፤ የማብሪያ ማጥፊያው ቁልፍ። ስሰጠው ይሠራ ነበር። ሲመልስልኝ ግን አብርቶ ስለሰጠኝ ልብ አላልኩም።

በዚያው ቀን ተመልሼ ስነግረው "ቆይ ላስተካክልልህ" ብሎ ይዞት ገባ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። "አለቀ" አለኝና ተጨማሪ ብር ተቀበለኝ። ምን ሠርቶ መሰላችሁ? ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ስክሪን ላይ የምትንሳፈፈውን ትንሽ ምልክት አብርቶልኛል! እሷን ስትነኩ ስልኩ ይቆለፋል፣ የማጥፊያ ምርጫም ይመጣል። ማንም ሰው በነፃ፣ በራሱ የሚያበራት ነገር ናት። ቁልፉ ግን እንደሞተ ነው።

እኔም ተላላ ነኝ፣ ሁለት ቀን በእሷ ተጠቀምኩ። ከዚያ ባትሪው አልቆ ስልኩ ጠፋ። ቻርጀር ሰካሁ። የባትሪው ሥዕል ይመጣል፣ ይሞላል፣ ስልኩ ግን አይነሳም። አይፎን ቻርጀር ሲሰካበት ራሱ ይነሳል፤ ብዙዎቹ አንድሮይዶች ግን ቁልፉ ካልተጫነ አይነሱም። ስልኩ ድርቅ ቢልም ያው ነው፤ በግድ ሪስታርት የሚደረገው በዚሁ ቁልፍ ነው። ተንሳፋፊዋ ምልክት የምትጠቅመው ስልኩ ደህና እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

ስመለስ ወሬው ተቀየረ። "ቦርዱ ሄዷል" አለኝ፤ የስልኩ ዋና ሰርኪት ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ለቦርዱ ከስክሪኑ በላይ ጠየቀኝ። ስልኬን ይዤ ወጣሁ።

ሌላ ባለሙያ ጋ ስሄድ ገና ሳይከፍተው ሁለት ነገር አጣራ። ቁልፉ ሲጫን ቀጭ ይላል። የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውም ስልኩ እስኪጠፋ ድረስ ይሠራ ነበር። "እንግዲህ ፍሌክሱ ነው" አለ፤ ቁልፉን ከቦርዱ ጋር የምታገናኘው ስስ ገመድ ማለቱ ነው። ቀጭ ባይል ኖሮ ቁልፉ ቦታውን ስቶ ይሆናል። የድምፁም አብሮ ቢሞት ኖሮ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቦርዱ ላይ በደንብ ያልተሰካ ሶኬት ነው። በብዙ ስልኮች ሁለቱም ቁልፎች የሚሠሩት በአንድ ፍሌክስ ነውና። ሲከፍተው እንዳለው ሆነ፤ እንደ ወረቀት የሳሳችው ፍሌክስ ጫፏ ላይ ተቀድዳለች። ስክሪኑ ከነፍሬሙ ሲቀየር ይቺ ፍሌክስ ከአሮጌው ፍሬም ተልጣ አዲሱ ላይ ትለጠፋለች። ሠሪው ከቸኮለ ትቀደዳለች። ቦርዱ ምንም አልሆነም።

አዲስ ፍሌክስ ገባለት፣ ቁልፉ ሠራ። ገንዘቤን ልጠይቅ የመጀመሪያው ጋ ስሄድ "ድሮም እንዲህ ነበር" አለኝ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ግን በምን ላስረዳ?

እናንተ ስልኩን ስትሰጡ ፊቱ ቁልፎቹን እየተጫናችሁ በሌላ ስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ሲመልስላችሁም እዚያው ቆማችሁ አጥፉት፣ በዚያችው ቁልፍ መልሳችሁ አብሩት። የጣት አሻራ ማንበቢያው ቁልፉ ላይ ከሆነ አሻራውንም ሞክሩ። ብሩን ከዚያ በኋላ ስጡት።