ከስምንት ወር በኋላ፦ የቤታችን ዋይፋይ ፕሪንተር

ፕሪንተሩን የገዛነው ለልጆቹ ነው። ወርክሺቱ በቴሌግራም ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ማታ ማታ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ እንወጣለን። አንድ ቀን ባለቤቴ በዝናብ ወርዳ ሱቁ ተዘግቶ ጠበቃት። እርጥብ ነጠላዋን እያራገፈች "በቃ እንግዛ" አለች። ገዛን።

ባለ ታንክ ነው። ካርትሬጅ የለውም፣ ቀለሙ ከጠርሙስ ይቀዳል። ከስልክም ከላፕቶፕም ያለ ገመድ ያትማል መባሉ ነው ልባችንን የወሰደው።

ቀለም መሙላቱ ቀላል ነበር። ዋይፋዩ ግን ሁለት ማታ ፈጀብን። ከካርቶኑ የወጣው ሲዲ ነው፤ ላፕቶፓችን ደግሞ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። አፑን ስልኬ ላይ ጫንኩ። ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ "ፕሪንተር አልተገኘም" ይላል። ፕሪንተሩ ስክሪን የለውም። የሚያወራን ብልጭ ድርግም በሚል አንድ መብራት ብቻ ነው። ፓስወርዱን ደጋግመን አረጋገጥን። ራውተሩን አጥፍተን አበራን። ምንም።

መልሱ ካርቶኑ ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፦ 2.4 ጊጋኸርዝ። ራውተራችን ሁለት ዋይፋይ ይለቃል፤ አንዱ 2.4 ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። ስልኬ ያለው 5ቱ ላይ ነው። አፑ ስልኩ የያዘውን ኔትወርክ ለፕሪንተሩ ሊሰጠው ይሞክራል፤ ፕሪንተሩ ግን 5ቱን ጭራሽ አያየውም። ስልኩን ወደ 2.4 ሳዞረው በሦስት ደቂቃ ተገናኘ። ከተገናኘ በኋላ ስልኩ ወደ 5ቱ ቢመለስም ችግር የለውም፤ ራውተሩ አንድ ስለሆነ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህን አንድ መስመር አፑ ላይ በግልጽ ቢጽፉት ስንት ሰው ከስንት ድካም ይድን ነበር! ከልቤ ነው የምለው።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ግን በኋላ ነው። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ፕሪንተሩ ከላፕቶፑ ይሰወራል። የፕሪንተሩ መብራት በርቷል፣ ዋይፋይ ይዟል፣ ላፕቶፑ ግን "ኦፍላይን" ይላል። እኛ ቤት ደግሞ መብራት ይሄዳል ይመጣል። አንዴ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትልቋ ልጄ የሳይንስ ወርክሺት ልታወጣ ሰባት ጊዜ ፕሪንት ብላለች። አልወጣም። አለቀሰች። ፕሪንተሩን አጥፍቼ፣ ነቅዬ፣ ላፕቶፑ ላይ ከዝርዝሩ ሰርዤ እንደገና ጨመርኩት። ከዚያ የኔትወርክ መረጃ ገጹን አሳተምኩ። የፕሪንተሩ የኔትወርክ አድራሻ በ7 የሚያልቅ ነው፦ 192.168.1.7። ላፕቶፑ ግን ቀድሞ የሚልከው በ4 ወደሚያልቀው ነበር። በ4 ላይ አሁን የተቀመጠው የባለቤቴ ስልክ ነው።

ነገሩ ይኸው ነው። ራውተሩ ለቤቱ ዕቃ ሁሉ አድራሻ የሚሆን ቁጥር ያድላል። መብራት ሄዶ ሲነሳ የኛው ራውተር ለማን የቱን እንደሰጠ ይረሳል፤ እንደ አዲስ ያድላል። ላፕቶፑ ደግሞ የድሮውን በር ያንኳኳል። ፕሪንተሩ ጤነኛ ነው፣ ላፕቶፑም ጤነኛ ነው፤ አድራሻው ነው የተለወጠው።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በብራውዘር የራውተሩ ገጽ ውስጥ ገባሁ። ዲኤችሲፒ የሚለው ውስጥ (ቁጥር የሚታደልበት ክፍል ነው) የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የዕቃውን የራሱን መለያ (የመረጃ ገጹ ላይ አለ) አስገብቼ 192.168.1.50 ለእርሱ ብቻ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ላፕቶፑ ላይም ፖርቱን፣ ማለትም የሚልክበትን አድራሻ፣ ወደዚያው ቁጥር ለወጥኩ። ቁጥሩን ፕላስተር ላይ ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩት። ይህ ከሆነ አምስት ወር አልፎታል። መብራት ስንቴ ሄደ፤ "ኦፍላይን" የሚል ቃል አላየሁም።

እንግዳ ሲመጣ አንድ ነገር አለ። ወንድሜ ለእንግዳ በከፈትነው ዋይፋይ ገብቶ ፕሪንተሩን አጣው። የእንግዳው መስመር ከቤቱ ዕቃዎች ጋር ስለማያገናኝ ነው። ዋናውን ፓስወርድ ሰጠሁት፣ አለቀ።

ስለ ሕትመቱ ቅሬታ የለኝም። ጥቁሩ ጥርት ያለ ነው፣ የአማርኛ ፊደልም አይበላሽም። ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ የወርድ ፋይል ፎንቱ ከሌለ ግን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ስለሚወጣ ላኪው ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ቀለሙም ገና አልተጋመሰም። የምጠነቀቀው ቀለም ለሚረጨው ጭንቅላቱ ነው። ሁለት ሳምንት ሳናትም ቆይተን ቢጫው መስመር መዝለል ጀመረ፤ በፕሪንተሩ በራሱ የጭንቅላት ማጽጃ ትእዛዝ መለስነው፣ ማጽዳቱ ግን ቀለም ይበላል። አሁን በየሳምንቱ አንድ ባለ ቀለም ገጽ እናወጣለን። ስናጠፋም ከሶኬት ሳይሆን በራሱ ቁልፍ ነው፤ ያኔ ጭንቅላቱ ወደ ቦታው ገብቶ ይከደናል።

ዛሬ ብገዛ ያንኑ እገዛለሁ፤ ግን የኔትወርክ ገመድ ማስገቢያ ያለውን እመርጣለሁ። ራውተሩ እዚያው አጠገቡ ነው፣ ዋይፋዩን ምን አስፈለገው?

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ እህት ተመሳሳዩን ገዛች። ካርቶኑን ሳንከፍት ከራውተሩ ጀመርን። ሃያ ደቂቃ አልሞላንም፤ ቡናው ሳይፈላ የመጀመሪያው ገጽ ወጣ።