ያሪሷና በስቱኮ የተሸፈነው ግጭቷ፦ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጎማ ቤት ደጃፍ ቆሜ ከመኪናዬ የቀኝ የፊት እግር የወረደውን ጎማ ስዳብስ ከውስጠኛው ጠርዝ ያፈጠጠው ሽቦ ጣቴን ወጋኝ። ጎማው ከተገዛ ገና አራት ወሩ ነበር። በውጭ በኩል ጥርሱ እንደ አዲስ ቆሟል፤ በውስጥ በኩል ግን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ላስቲኩ ጨርሶ ተልጧል። ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም፤ እኔም ሳላየው በዚያው ጎማ ልጆቼን ይዤ በዝናብና በጭጋግ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣና ስወርድ ከርሜአለሁ። አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) የሚሠራው ልጅ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካቃተው በኋላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ መጣና፣ «ጋሼ፣ ማስተካከያው መጨረሻው ደርሷል፤ ከዚህ ወዲያ አይሄድም። ይቺ መኪና ከሥር የተመታች ናት» አለኝ።

መኪናዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2008 ሥሪት ቶዮታ ያሪስ ናት፤ ባለ አንድ ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ፈረንሳይ የተገጣጠመች። በኅዳር 2017 ደሴ ላይ በአንድ ሚሊዮን 480 ሺህ ብር ገዛኋት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ለሥራ ስመላለስ በየቀኑ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ወርጄ ማታ ያንኑ እወጣለሁ። ያቺ ትንሽ ሞተር አንድ ቀን እንኳ ሞቃ መንገድ ላይ አላስቀረችኝም፤ ነዳጅም አትበላም። ስለ ደኅናው ነገሯ ይህ ይበቃል።

በማግስቱ ደሴ የሚገኝ አንድ ነባር የባትላሜራ (የመኪና አካል ጥገና) ባለሙያ ዘንድ ወሰድኳት። በክሪክ አነሣትና ከሞተሩ በስተቀኝ ከፊት ወደ ኋላ የሚዘልቀውን ብረት በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ጀመረ። ከሥሯ የተቀባው ጥቁር ካትራሜ እየተላጠ ሲወርድ የታየውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ፋብሪካ ሁለት ላሜራ የሚያጋጥመው እኩል በተራራቁ፣ የጣት ጫፍ በሚያካክሉ ክብ የነጥብ ብየዳዎች ነው፤ በግራው ብረት ላይ እነዚህ ነጥቦች እንደ ስፌት ተደርድረው ይታያሉ። በቀኙ ላይ አንድም ነጥብ የለም። በእነርሱ ፈንታ በእጅ የተበየደ፣ ጎርበጥባጣ፣ ዳር ዳሩ የዛገ ጠባሳ ተጋድሟል፤ ከጠባሳው ወዲህ ደግሞ ብረቱ ተጨማዶ በመዶሻ የተቃናበት እጥፋት አለ። ባለሙያው ሜትር አምጥቶ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ለካ። በግራ 2,460 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ይህም የሞዴሉ ትክክለኛ ልክ ነው። በቀኝ 2,442 ሆነ። መሪውን ትንሽ ለቀቅ ባደረግኩ ቁጥር ወደ ቀኝ ጠርዝ የምትሸሸውም፣ በመጋቢት የቀድሞዎቹ ጎማዎች ሲያልቁ በአሮጌነታቸው ያሳበብኩትም ነገር ምክንያቱ ይህች አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ነበረች።

ለማያውቅ ሰው አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ምንም ሊመስለው ይችላል። እንደዚህ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ግን እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ አካላቸው ራሱ ሻንሲያቸው ነው። እነዚያ ሁለት የፊት ብረቶች የተሠሩት በግጭት ጊዜ በታሰበላቸው መንገድ እየተጨማደዱ ኃይሉን ውጠው ወደ ተሳፋሪው እንዳያልፍ ለማድረግ ነው። አንድ ጊዜ የተጨማደደ ብረት በመዶሻ ተቃንቶ ቢበየድ ለዓይን ይቃና ይሆናል እንጂ በሚቀጥለው ግጭት እንደ መጀመሪያው ሆኖ ኃይል አይውጥም።

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ መጣ። ባለሙያው፣ «ይህን ያህል ከተመታች ኤርባጓ ሳይፈነዳ አልቀረም፤ እስቲ እንየው» አለ። ኤርባግ በግጭት ጊዜ ከመሪው መሃል ተነፍቶ ነጂውን የሚያድን ከረጢት ነው። የመሪው መሃል ክዳን ዙሪያውን በሙጫ ተለጥፎ ስለነበር ለመንቀል አስቸገረ። ሲነሣ ውስጡ ክዳኑ እንዳይሰረጉድ የተጠቀጠቀ ቢጫ ስፖንጅ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራት ቁልፍ ሲዞር በርቶ ለስድስት ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ መጥፋት ነበረበት፤ በእኔዋ ላይ ግን ከባትሪው መብራት ጋር አብሮ በርቶ ሞተሩ እንደተነሣ አብሮ ይጠፋ ነበር። ዳሽቦርዱ ሲከፈት አንዲት ቀጭን ሽቦ ሁለቱን አገናኝታ ተገኘች። ይህን ያደረገ ሰው በሙያው ያላዋቂ አይደለም። መብራቱ ምን እንደሚናገር ያውቃል፤ ለዚህም ነው አፉን የዘጋው። ከዚያች ሽቦ ጋር ስምንት ወር ሙሉ ባለቤቴን ከጎኔ፣ ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ነድቻለሁ።

የገዛሁበትን ቀን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ደላላው ከኮፈኑ ላይ እጁን ሳያነሣ፣ «ከሴት እጅ የወጣች ናት፣ ጭረት አታውቅም፣ አብሽር፣ ስለ እሷ እኔ አለሁ» ይል ነበር። ሻጩ ቤቱ አስገብቶ ቡና አስፈልቶልናል፤ እስከ ሦስተኛው አብረን ጠጥተናል። በእኛ አገር ቡናው ተጠጥቶ «አብሽር» ከተባለ በኋላ ከመኪና ሥር ገብቶ ማየት ሰውን እንደ መስደብ ይቆጠራል። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ሳልገባ ቀረሁ።

አሁን ሳነሣባቸው የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ አንዳንዱንም በስልክ ሰምቼዋለሁ። «ግጭት ነው እንጂ ግልበጣ አይደለም» ይባላል። ግጭቱ ግን ኤርባግ ያፈነዳና ዋናውን ብረት ያጠፈ ግጭት ነው። «ቦሎ ነበራት» ይባላል። ቦሎ በምርመራው ቀን ፍሬንና መብራቷ እንዴት እንደነበሩ ይነግረኝ ይሆናል፤ የተጎዳው ላሜራ ከተሞላበት ልጥፍ፣ ከስቱኮው ሥር ያለውን አይነግረኝም። «አይተህ ወደህ ገዝተሃል፣ ውሉም እንዲህ ይላል» ይባላል። አዎን፣ ይላል። ያየሁት ግን ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ደግሞ የተቀባው ሌላው እንዳይታይ ነው። ተጋጭታለች ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ ምናልባት ዋጋ ቀንሰን እገዛትና በቀነሰው ገንዘብ የአካል ማቃኛ ባለው ጋራዥ አሠራት፣ ኤርባጉንም አስገጥምላት ነበር። ያንን ምርጫ ወስደውብኛል፤ የማልተውላቸውም ይህንኑ ነው።

ጥፋቱ የእነርሱ ቢሆንም ማየት ስችል ያላየሁት ብዙ ነው። የኮፈኑን ማጠፊያ ብሎኖች ጠጋ ብዬ ብመለከት ኖሮ ጠርዛቸው በመፍቻ ተልጦ ቀለም እንደተደረበበት አይ ነበር። ልጄ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ያነሣችውን ማግኔት በቀኙ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ባለው ላሜራ) ላይ ስናሳርፈው ተንሸራቶ ወደቀ፤ በግራው ላይ ጥብቅ ብሎ ያዘ። ማግኔት ብረትን እንጂ ስቱኮን አይዝም። በቀኝ በር ዙሪያ ባለው ጥቁር ጎማ ላይ የተረጨ ነጭ ቀለም ጤዛ መስሎ ተቀምጧል። ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓትና አንድ ክሪክ ይበቃ ነበር።

ገበያውም ለእንዲህ ያለው ሥራ የተመቸ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለችው መኪና ሁሉ ዋጋዋ ወጣ፤ ድሮ ተፈትታ ለመለዋወጫ የምትሸጠው ዛሬ ተበይዳ፣ ተቀብታ በሙሉ ዋጋ ገበያ ትቆማለች። ይህን ስል ክልከላው ልክ ነው አይደለም እያልኩ አይደለም፤ ገዢው ከበፊቱ ይልቅ ከሥር ማየት የሚገባው ለምን እንደሆነ ለማሳየት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዢም ጉድለቱን ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። እኔም በዚያው ሳምንት የብየዳውን፣ የስፖንጁንና የሽቦዋን ፎቶ አያይዤ ማስታወቂያ ጽፌ በምስክር ፊት ሰጥቼዋለሁ። ሻጩ አንብቦ ሲጨርስ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔም እንዲሁ ነው የገዛኋት» አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከሆነም እንዲህ ስትሸጥ እኔ ሁለተኛው ነኝ ማለት ነው፤ ሦስተኛ ግን አይኖርም። ጉዳያችን በሽማግሌ ተይዟል፤ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት እወስደዋለሁ።

ይህችን መኪና በመግዛቴ ተጸጽቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ደውሎ አሁንም በገዛሁበት ዋጋ የሚወስዳት ሰው እንዳለው፣ ስለ ብየዳው ዝም ማለት ብቻ እንደሚጠበቅብኝ ነግሮኛል፤ እምቢ ብዬዋለሁ። ያሪሷ ካትራሜዋ እንደተላጠ ባለሙያው ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ሐረጎን በሚኒባስ እወርዳለሁ።